ማሽላዬን ያሞገስኩበት ሐሙስ

ስለ ራሴ መናገር አልወድም። ጽሑፌን በዚህ ዓረፍተ ነገር መጀመሬ ለእኔም ያስቀኛል፤ የምተርክላችሁ ይህ አለመውደዴ ሊያሳጣኝ ስለነበረው ነገር ነውና። ነገሩ የተፈጸመው በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ከሦስቱም ቀን እስከ ዛሬ እየደጋገመ ትዝ የሚለኝ ግን ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ከኢታንግ ወጣ ብሎ፣ ከብቶች መካከል።

አስቀድሜ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ጋምቤላ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሰፈራ መንደር ውስጥ ነው። በመንግሥት ለውጡ ጊዜ የተዘጋው ትምህርት ቤታችን ዘግይቶ ሲከፈት፣ ታናናሾቼን አዝዬ ያሳደግኩ፣ ማሳ ላይ ወፍ ስጠብቅ የኖርኩ ኮረዳ ሆኜ ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ትከሻዬ ላይ አይደርሱም። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን አየኝና "የማን እናት ነሽ?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ሰው ፊት ብድግ ብሎ መናገር የሚባለው ነገር ከውስጤ ወጣ። ያነበብኩትን ያህል አልተናገርኩም። በጽሑፍ ስህተት አላሳልፍም፤ ተማሪዎቼ ሲያሙኝ "የነጠላ ሰረዝ ፖሊስ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አፌን ስከፍት ግን ያቺ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ትልቅ ልጅ ነበርኩ።

ዶክትሬቴን በዚህ ሁኔታ ጨረስኩ። ከዚያም ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ሆንኩ። ሥራውን ለማታውቁት፣ ዶክትሬቱን የያዘ ነገር ግን ምርምሩን የሚያስቀጥል ገንዘብ ገና ያላገኘ ሰው፣ በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው የሚያመለክትበት ዘመን ነው። የጥሪ ማስታወቂያ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። አንዱ "ለጀማሪ ተመራማሪ" ይልና ልቤ ሲሞቅ ከታች የዕድሜ ገደብ ያስቀምጣል። በእርግጥ ጀማሪ ነኝ፤ ወጣት ብቻ አይደለሁም። ሌላው ዕድሜ አይጠይቅም፤ ነገር ግን አገር ለቅቀሽ ሌላ አገር ሄደሽ ሥሪ ይላል። የእኔ ምርምር ደግሞ በሻንጣ የሚሄድ አይደለም። መሬት ላይ የበቀለ ማሽላ ነው።

ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ አለ፤ አገሩ ወሎ ነው። እሸቱ አፍ ውስጥ ሲፈርስ ወተት ወተት ስለሚል ነው ስሙ። ከወላጆቼ ጋር እዚህ ቆላ መጣ። "ከአገር የመጣ ነው" ይባላል ቤታችን ውስጥ፣ ማንና እንዴት እንዳመጣው ሳይነሣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙቀቱ አንገላታው። በኋላ ከአኙዋ ጎረቤቶቻችን ማሽላ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲዘራ፣ ሴቶቹም በየመኸሩ ደህና ደህናውን ራስ ለዘር ሲያስቀሩ፣ ቀስ በቀስ አገሩን ለመደ። ለዶክትሬቴ መረጃ በምሰበስብበት ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማሳው ላይ ተኛ። ውሃው ሲጎድል አገዳው ሁሉ በስብሶ ወድቋል፤ እዚህም እዚያም የተወሰኑ ብቻ ቆመዋል። ያንን የቆመውን ዘር ለብቻው ስዘራ፣ ውሃ ሲያስተኙበት እንደገና ቆመ። ምርምሬ ይህ ነው። አሁን የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲያችን አጥር ጀርባ ባለች ትንሽ ማሳ ላይ ነው። የእኔ ውል የሚያበቃው ሰኔ ላይ ሲሆን፣ ማሳዋ ለሕንፃ ተፈልጋለች። ዘር ደግሞ በየጊዜው ካልተዘራ ይሞታል።

ስለዚህ ያ ፌሎሺፕ፣ የምርምር ድጋፍ ማለት ነው፣ ሲመጣ ነገሩ ለእኔ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዕድሜ የማይጠይቅ፣ "በአገርህ ላይ ሆነህ ሥራ" የሚል፣ ለማሳ ኪራይ ጭምር የሚከፍል ጥሪ በሕይወቴ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅ ተመረጥኩ። ዓርብ ጠዋት፣ በቪዲዮ።

ደስታዬን ያጠፋው የአምናው ትዝታ ነው። አምና ለሌላ ፌሎሺፕ እዚህ ደረጃ ደርሼ ነበር። "አንቺ ራስሽ ምን ሠራሽ?" ሲሉኝ "እኛ እንዲህ አደረግን፣ እኛ ይህን አገኘን" አልኩ። መልሳቸው ሲመጣ፣ ሥራው ጠንካራ እንደሆነ፣ የአመልካቿ ድርሻ ግን እንዳልታያቸው ይናገራል። አልዋሸሁም ነበር። እናቴ ያስቀረችውን ዘር፣ የመንደሩ ሴቶች የኮተኮቱትን ማሳ "እኔ" ማለት ለእኔ ስርቆት ነው።

ረቡዕ ዕለት ቢሮ ውስጥ ልምምድ አደረግን። ጋትሉዋክ ጠያቂ ሆነ። ጋትሉዋክ የእንስሳት ሳይንስ መምህር ነው፤ ኑዌር ነው፣ የኢታንግ ልጅ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ በቁመት ግን ጣሪያው ላይ ያለውን ቬንቲሌተር ላለመንካት ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። የፌሎሺፑን ማስታወቂያ ያገኘልኝም እሱ ነው፤ እሱም በራሱ ዘርፍ ለሌላ አመልክቶ መልስ ይጠብቅ ነበር።

እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና ፊቱን አኮሳተረ። "እሺ ዶክተር። ፕሮፖዛሉ ላይ ማሽላው ተለየ ይላል። ማን ለየው?"

"እኛ።"

"እኛ ማን ነው?"

"እኔ፣ የመንደሩ ሴቶች፣ አማካሪዬ፣ ደግሞ..."

"ቆይ። የቆሙት አገዳዎች ላይ ቀይ ክር ታሰረ ብለሻል።"

"አዎ፣ ታሰረ።"

"ክሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ታሰረ?"

ወረቀቶቼን ማስተካከል ጀመርኩ።

"እኔ ፓነል ብሆን" አለ፣ "ብሩን ለመንደሩ እሰጥና አንቺን ጸሐፊ አድርጌ እቀጥርሻለሁ።"

"እንደዚያ ቢሆን ለመንደሩ ጥሩ ነው።"

"ይኸው። ይኸው እኮ ነው ችግሩ።" ተነሣ። "እናንተ ደገኞች ራስን ማሞገስ እንደ ሌብነት ታዩታላችሁ። ነገ ክላስ የለኝም። ለወንድሜ ሠርግ ከብት ልናይ እንሄዳለን። ነይ።"

"ዓርብ ኢንተርቪው አለኝ እኮ።"

"ሐሙስ ምን ታደርጊያለሽ? ያንኑ ወረቀት ታነቢያለሽ። ነጠላ ሰረዝ ትለቅሚያለሽ።" በሩ ላይ ደርሶ ጎንበስ ካለ በኋላ ዞረ። "ደህና እደሪ፣ እኛ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ "እኛ" ሆነ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ አሁንም መንደሩ ውስጥ ነች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ትኖራለች።

"እማ፣ ስለ ራሴ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ።"

"ስለ ራስሽ ምን ብለሽ?"

"ሥራውን እኔ እንደሠራሁት። ጎበዝ መሆኔን።"

"እሱንስ ሰው ይበልልሽ እንጂ የኔ ልጅ። ጎበዝ ሲሉሽ እንጂ ጎበዝ ነኝ አይባልም።" ቀጥላ ግን እንዳልከፋ ፈርታ፣ "ጁምዓ ቀን መሆኑ ደግ ነው። ዱዓ አደርጋለሁ። አላህ ያግራልሽ" አለች።

ስልኩን ዘግቼ ፕሮፖዛሌን ገለጥኩ። ስህተት አልነበረበትም። እኔም አልነበርኩበትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ወደ ኢታንግ ሄድን። የበጋው ሙቀት ገና ከጠዋቱ ያቃጥላል፤ ሚኒባሱ ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በሚሄዱ ሰዎችና ዕቃዎች ታጭቆ፣ እኔ ጭኔ ላይ የማላውቃት ሴት ያስያዘችኝን ዶሮ ይዤ ነው የደረስኩት። ከመንገዱ ወርደን በእግራችን ወደ ባሮ አቀናን። በበጋ ኑዌሮች ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ዳር ያወርዳሉ። ወንዙ ጎድሎ ዳርቻው ሰፍቷል፤ ከብቱ እንደ ትልቅ ገበያ ሜዳውን ሞልቶታል።

የጋትሉዋክ ታናሽ ወንድም ቾል ይባላል፤ ሙሽራው እሱ ነው። በጥሎሽ ከሚሰጡት ከብቶች ውጭ ያለ፣ ለማንም የማይሰጠው አንድ በሬ አለው። እንደደረስን ያሳየን እሱን ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ አንደኛው ቀንዱ ገና ወይፈን ሳለ ተገርቶ ወደ ፊት የታጠፈ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ክር የተንጠለጠለበት። ቾል እንደ ሌሎቹ ወጣቶች ጂንስ ለብሷል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ከበሬው ጎን ቆመና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ እንደ ቀንድ አጥፎ፣ በቀስታ እየተራመደ መዝፈን ጀመረ። በሬው ዘፈኑን እንደሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይራመዳል። ሰዎች ተሰበሰቡ።

"ምን ይላል?" አልኩት ጋትሉዋክን።

"በሬው ጀርባው እንደ ዝናብ ደመና ነው ይላል። ቀንዱ የወንዙን መታጠፊያ ይመስላል ይላል። በእህታችን ሠርግ የመጣች ላም የወለደችው ነው ይላል፤ የላሟን ስም ይጠራል። ያቺን ላም ያመጡትን የእህታችንን ባል ዘመዶች ያመሰግናል። አሁን ደግሞ አባታችንን።"

"ስለ ራሱ ምንም አላለም?"

ጋትሉዋክ ከላይ ሆኖ አየኝ። "ስለ ማን እየዘፈነ ይመስልሻል?"

በዚህ መካከል ዝቅተኛ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አነሡ። የጋትሉዋክ አጎት ናቸው። አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቾልም አፍሮ ሳቀ፣ ተመለሰና የዘፈኑን አንድ ቦታ ቀይሮ ደገመው።

"ምን አሉት?"

"ቀንዱ ዓይኑን አልፎ ወርዷል ብሎ ነበር። አጎቴ ገና ነው፣ ዓይኑ ጋ አልደረሰም፣ እኛ እያየነው አትዋሽ አሉት። አሁን አስተካከለ፤ ዓይኑን ሊነካ ነው አለ።"

ሙቀቱን ረሳሁት። አንባቢዬ፣ ነገር ማረም የሚወድ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሙገሳ ማለት ልክ የሌለው ነገር ነው ብዬ አምን ነበር፤ የምሸሸውም ለዚህ ነው። እነሆ ሰዉ ሁሉ በሬውን እያየ፣ ከልኩ ያለፈውን ቃል እያረመ የሚሞገስበት ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ያ ልጅ ከየት እንዳገኘው፣ የማን የማን ደግነት እንዳለበት አንድ በአንድ ተናገረ። ይህ ሁሉ ተነግሮ፣ በሬው የእሱ መሆኑ አልተሸረፈም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና ጠየቁ። ጋትሉዋክ ሲተረጉም ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም።

"እንግዳዋ በየትኛዋ ላም ነው የምትጠራው ይላሉ። እኛ ጋ ሴትም በምታልባት ላም ስም ትጠራለች።"

"ላም የለኝም በላቸው።"

"አልላቸውም። ያሳዝናል።" ራሱ መለሰላቸው። ሰዎቹ እንደገና ሳቁ፤ አሁን በእኔ ነው።

"ምን አልካቸው?"

"ማሽላ አላት አልኩ። አጎቴ ማሽላ ይራመዳል ወይ አሉ።"

"አይራመድም። ይቆማል በላቸው።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ጋትሉዋክ ተረጎመ። ሽማግሌው መሳቃቸውን ተዉና በምርኩዛቸው አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉ። ቾል በሬውን ይዞ ፈንጠር አለ። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። በደመ ነፍስ የኋላ ወንበር ፈለግሁ፤ ሜዳ ላይ የኋላ ወንበር የለም።

ጀመርኩ። አልዘፈንኩም፤ ያን ያህል አልደፍርም። እንደ ቾል ከስሙ ነው የጀመርኩት። "ስሙ ወተት በጉንጬ ነው" አልኩ፤ ጋትሉዋክ ሲተረጉምላቸው ሴቶቹ ተያዩ፣ አንዷ ስሙን በራሷ አፍ ደገመችው። "አገዳው ቀይ ነው። ራሱ እንደ ጎበጠ ሰው ወደ ታች ያያል፤ ወፍ እንደ ልቡ አይቀመጥበትም። ከሩቅ አገር፣ ከደጋ ነው የመጣው። እናቴ ዘሩን ጠበቀችው። አኙዋ ጎረቤቶቻችን ከማሽላቸው ጋር አጎራበቱት፤ ሙቀት ያስተማሩት እነሱ ናቸው። አንድ ክረምት ወንዝ ማሳው ላይ ተኛ። ሌላው ሁሉ በሰበሰ። እሱ ውሃ ውስጥ ቆመ።"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አነሡ።

"ማን አየ ይላሉ" አለ ጋትሉዋክ።

"ምን?"

"ውሃ ውስጥ ሲቆም። ማን አየው?"

የለመድኩት ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ታየ፤ አየነው። የማርያም መንገድ እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያዬን ተመለከትኩ። እውነቱ ግን ያ ማለዳ ላይ ማንም አልነበረም። ሴቶቹ ማሳው ጠፋ ብለው ወደ ቤት ገብተዋል። አማካሪዬ አዲስ አበባ ነበሩ። እናቴ ታምማ ነበር። ጭቃው ጉልበቴ ድረስ ሲውጠኝ፣ ጫማዬ ተነቅሎ ሲቀር፣ ብቻዬን ነበርኩ። "አየነው" ብል እኚህ ሰው ከልኩ አለፍሽ ነው የሚሉኝ።

"እኔ" አልኩ። "እኔ አየሁት።"

"ማን ለየው?"

"እኔ። ገብቼ ቀይ ክር አሰርኩበት። በሚቀጥለው ክረምት ለብቻው ዘራሁት፤ ውሃ አስተኛሁበት። እንደገና ቆመ።"

ጋትሉዋክ አልተረጎመም። ዞር ስል ያየኛል። ከዚያ ተረጎመ፤ እኔ ከተናገርኩት ይረዝም ነበር።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ቃል ብቻ ተናገሩ፣ ፊታቸውን ወደ ከብቶቹ መለሱ። ጉዳዩ ለእሳቸው አልቋል።

"ምን አሉ?"

"የእሷ ነው አሉ።"

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብዙ አላወራንም። ጋምቤላ ልንገባ ስንል ጋትሉዋክ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ "የእኔ መልስ ሰኞ መጥቷል" አለኝ። "አልሆነም።"

"ሰኞ? ለምን አልነገርከኝም?"

"ዓርብ ኢንተርቪው አለሽ።" ከዚያ ሳቀ። "በሬዬን አሳምሬ ዘፍኜላቸው ነበር። ፍየል ፈልገው ነበር መሰለኝ።"

ያን ሁሉ ቀን እየቀለደ፣ እየተረጎመ፣ የእኔን ጉዳይ ይዞልኝ ሲዞር የራሱ በር ተዘግቶ ነበር። ኒውላንድ ሰፈር ስንወርድ አመሰግናለሁ አልኩት። "ነገ ንገሪያቸው" አለ። "ደህና እደሪ፣ ዘይነባ።" ከረቡዕ ወዲህ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

ዓርብ ጠዋት መብራት አልጠፋም፤ ኔትዎርክም አልተቆረጠም። ይህን የምነግራችሁ ጋምቤላን የሚያውቅ አንባቢ እሱን ሲጠብቅ እንዳይደክም ነው። ሦስት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ነበሩ። ስለ ዘዴው ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ በጀቱ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ መካከል ላይ ያሉት ሴትዮ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ዘሩ የማኅበረሰቡ ነው" አሉ በእንግሊዝኛ። "ማሳውንም የያዙት እነሱ ናቸው። እስቲ ንገሪን፤ የአንቺ ድርሻ የቱ ላይ ነው?"

ያው የአምናው ጥያቄ ነው። በሐሳቤ ሴትዮዋን ምርኩዝ አስያዝኳቸው፤ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ከስሙ ጀመርኩ። እናቴን ጠራሁ፤ የመንደሩን ሴቶች ጠራሁ፤ አኙዋ ጎረቤቶቻችንን ጠራሁ፤ እያንዳንዳቸው ያደረጉትን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ወደ ጎርፉ ማለዳ ስደርስ "እዚያ እኔ ብቻ ነበርኩ" አልኩ። "የቆሙትን ያየሁት እኔ ነኝ። መቆማቸው የዘር እንጂ የአጋጣሚ እንዳልሆነ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ። ለይቼ ዘርቼ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። የላቦራቶሪውን ሥራ እኔ አልሠራሁም፤ እሱን የሠሩት ባልደረቦቼ ናቸው፤ ስማቸው ጽሑፉ ላይ አለ። ይህ ገንዘብ ከተሰጠኝ የምማረው እሱን ነው።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። "የማሽላውን ስም እስቲ እንደገና በይልን" አሉኝ። አልኩላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው በስተግራ ያለው ሰውዬ ሳቀ፤ በጎ ሳቅ ነበር።

መልሱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ሰኔ እየቀረበ፣ የሕንፃው መሐንዲሶች ማሳዬ ላይ ችካል እየተከሉ፣ እኔ በየቀኑ ኢሜይሌን እየከፈትኩ። በመጨረሻ ፌሎሺፑ ተሰጠኝ። ክረምቱ ሳይጠነክር ከከተማ ወጣ ብሎ ሌላ ማሳ ተከራየሁ፤ ማሽላው ዛሬም ቆሟል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ዘግይታችሁ የተማራችሁና ሰው ፊት ስትቆሙ ድምፃችሁ የሚጠፋ፤ ይህን የጻፍኩት "ራሳችሁን አሞግሱ፣ ይሳካላችኋል" ልላችሁ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያመለከትኩባቸው ሌሎች ጥሪዎች አልሆኑልኝም። ጋትሉዋክ ከእኔ ይልቅ ያውቅበት ነበር፤ እሱም ያን ጊዜ አላገኘም፤ ዛሬም ያመለክታል፣ ማታ ማታ ማመልከቻዎቹን እኔ አርምለታለሁ፣ "ደመናው ትንሽ በዛ" እለዋለሁ። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ትሕትና የመሰለኝ ነገር ግማሹ ትሕትና፣ ግማሹ ደግሞ ትክክል ያልሆነ ዘገባ ነበር። ሌላው ሰው ላይ ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ የማሰምርበትን ግድፈት፣ ራሴን ከታሪኩ ቆርጬ ማውጣትን፣ ጨዋነት ብዬ ስሠራው ኖርኩ። ያላዩትን ሰዎች "አየን" ብዬ ምስክር ማድረግም ከልክ ማለፍ ነው። አሁን የፕሮፖዛል ገጽ ስከፍት እኚያን ሽማግሌ አስባለሁ። ማን አየ? ማን ለየ? እኔ ከሆንኩ እኔ። እነሱ ከሆኑ እነሱ።

ፌሎሺፑን እንዳገኘሁ መንደር ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ለዘር የሚሆን የማሽላ ራስ ትለይ ነበር። ምስጋናዋን አድርሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ "ለመሆኑ ምን አልሻቸው?" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። በሬውንም፣ ሽማግሌውንም። "እኔ ነኝ" ማለቴን ስነግራት እንዳትቀየመኝ ፈርቼ "አንቺንም ጠርቻለሁ፤ እናቴ ዘሩን ጠበቀችው ብያለሁ" አልኳት።

እጇ መለየቱን አቆመ። አንዱን ራስ አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ጠበቀችው ነው ያልሽው?"

"አዎ እማ። ምነው?"

"ማን አመጣው ቢሉሽ ምን ትያቸው ነበር?"

"ከአገር የመጣ ነው እል ነበር። እንዲያ አይደል የምትሉት?"

"እንዲያ ነው የምንለው።" ድምፇ ዝቅ አለ፤ ጎረቤት እንዳይሰማት ይመስል ወደ አጥሩ አየች። "አባትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ መኪናው ላይ ስንሳፈር፣ ሰው እየሞተ ዘር ምን ያደርግልሻል፣ ጣይው፣ ወይ ቆልተን እንብላው ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነበር፤ ርቦን ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ከሆዴ ጋር አስሬ ደበቅኩት። ተኝቼ እንኳ አልፈታሁትም።"

የማሽላውን ራስ ለዘር ከለየቻቸው መካከል አስቀመጠችው። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ስትለው ሰምቼ የማላውቀውን ቃል፣ እንደ አዲስ ጥርስ በምላሷ እየዳሰሰች ተናገረችው።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ ያመጣሁት።"